አይማፕሲንክ፦ 126 የኢሜይል አካውንት ከአሮጌ ሰርቨር ወደ አዲስ ያሻገርኩበት መሣሪያ

በትራንዚት ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ኢሜይልን እንደ መልእክት ብቻ አያየውም። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ የዕቃው ዝርዝር፣ የጂቡቲው ወኪል «ኮንቴይነሩ ባዶውን ተመልሷል» ብሎ የጻፈው አንድ መስመር፣ ሁሉም ያለው እዚያ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ የኮንቴይነር ማስያዣ ክርክር ሲነሣ ድርጅቱን ከብዙ ገንዘብ የምታድነው ያቺ አንድ መስመር ናት። ስለዚህ «የኢሜይል ሰርቨሩን ወደ አዲሱ ማሽን አዙሪው» ስባል መጀመሪያ ያሳሰበኝ ፍጥነቱ ወይም ዋጋው አልነበረም። አንድም ደብዳቤ እንዳይጠፋ፣ ቀኑ እንዳይዛባ፣ የተነበበው እንደተነበበ ያልተነበበውም እንዳልተነበበ እንዲሻገር ነው የፈለግኩት።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አይማፕሲንክ በሚባለው መሣሪያ 126 አካውንት፣ በጠቅላላው 287 ጊጋባይት ደብዳቤ አሻግሬአለሁ፤ ልቤን የምጥልበት መሣሪያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ግን የሚያሻግረው ደብዳቤውን እንጂ አካውንቱን አይደለም። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ያላሰበበት ሰው ሰኞ ጠዋት ጣጣው ይመጣበታል። እኔም በአንድ በኩል መጥቶብኛል፤ እሱንም ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

አሮጌው ሰርቨር የተተከለው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ድርጅቱ ውስጥ ከመቀጠሬ በፊት። የሚሠራው ሴንትኦኤስ 6 በሚባል የሊኑክስ ዓይነት ሲሆን የዚህ ሥርዓት ጥገና ኅዳር 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ክፍተት ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም። ፖስትፊክስ ደብዳቤውን ይቀበላል፣ ዶቭኮት ለተጠቃሚው ያቀርባል። ደብዳቤው የሚቀመጠው በድሮው የኤምቦክስ ዘዴ ነበር፤ የአንድ ሰው ኢንቦክስ ሙሉው አንድ ረጅም ፋይል ማለት ነው። የአንዳንዱ ፋይል ስምንት ጊጋባይት ደርሶ ነበር። ከመካከሉ አንድ ደብዳቤ ሲሰረዝ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደገና መጻፍ ስላለበት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሁሉ ሲገባ ማሽኑ ቀጥ ይል ነበር። አዲሱ ማሽን የሚሠራው በሌላ የሊኑክስ ዓይነት፣ በዴቢያን 12 ነው፤ በሜይልዲር ዘዴ እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው ፋይል ሆኖ ይቀመጣል።

ከሁሉ በፊት ሰዎቹን ራሳቸውን፣ ማለትም ስማቸውንና ፓስወርዳቸውን ማዛወር ነበረብኝ። ይህን አይማፕሲንክ አይነካውም። ሊኑክስ ላይ የተጠቃሚው ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል፣ የተመሰጠረው ፓስወርድ በሌላ ፋይል ነው የሚቀመጠው። ፋይሉን ከፍቼ መስመሮቹን አየሁ። አብዛኞቹ የሚጀምሩት በዶላር ምልክት፣ በስድስት ቁጥርና እንደገና በዶላር ምልክት ነው፤ ያ ሻ 512 የሚባለው የማመስጠሪያ ዘዴ መለያ ነው። ዘጠኙ ላይ ግን በስድስት ፈንታ አንድ ተጽፏል፤ ኤምዲ5 በሚባለው የቆየና ደካማ ዘዴ የተመሰጠሩ ናቸው። እነዚህ ከዚያም በፊት ከነበረው ማሽን ጀምሮ ፓስወርዳቸውን አንድ ቀን ያልቀየሩ ሰዎች ናቸው። ዴቢያን 12 አዲስ ፓስወርድ የሚያመሰጥረው በሌላ ዘዴ ቢሆንም የድሮዎቹንም እያነበበ ያረጋግጣል። ስለዚህ የተመሰጠሩትን እንዳሉ ገለበጥኳቸው፤ 126ቱም ሰው በነበረው ፓስወርድ ገባ። ዘጠኙን ከሳምንት በኋላ አንድ በአንድ ደውዬ አስቀየርኳቸው፤ ኤምዲ5ን ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ማቆየት አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ድንጋይ አለ። ሴንትኦኤስ 6 ለተራ ተጠቃሚ ቁጥር መስጠት የሚጀምረው ከ500 ነው። ዴቢያን ደግሞ ከ1000 ይጀምራል፤ ከዚያ በታች ያለውን ለራሱ ለሥርዓቱ አገልግሎቶች ያስቀምጠዋል። የድሮውን ፋይል እንዳለ ከለጠፋችሁ የሒሳብ ሠራተኛዋ ቁጥር ከአንድ የሥርዓት አገልግሎት ቁጥር ጋር ሊጋጭና የእሷ ፋይል የሌላ ሊሆን ይችላል። እኔ በሁሉም ላይ አንድ ሺህ ጨመርኩ፤ 500 የነበረው 1500 ሆነ። አይማፕሲንክን እንድመርጥ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። ፋይል ከዲስክ ወደ ዲስክ አይገለብጥም። እንደ ማንኛውም የኢሜይል ፕሮግራም በሁለቱም ሰርቨር በአይማፕ በር (ፕሮግራሞች ሰርቨር ላይ ያለ ደብዳቤ የሚያነቡበት ደንብ ነው) ገብቶ ከአንዱ ያነብባል፣ ለሌላው ያስረክባል። አዲሱ ሰርቨር ደብዳቤውን በራሱ ዘዴ፣ በአዲሱ ቁጥር ስም ይጽፈዋል። ኤምቦክስ ይሁን ሜይልዲር፣ ቁጥሩ 500 ይሁን 1500 መሣሪያውን አያገባውም።

መሣሪያውን የሠራው ፈረንሳዊው ዢል ላሚራል ነው። ከ2001 ጀምሮ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ማለት ነው፣ እስካሁን ራሱ ይጠብቀዋል። የተጻፈው በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን ምንጩ ጊትሃብ ላይ በነፃ ይገኛል፤ ፈቃዱም እንደ ፈለጋችሁ ተጠቀሙበት የሚል ነው። በ2017 ዓ.ም. ከራሱ ድረ ገጽ በ60 ዩሮ ይሸጥ ነበር። እኔ በነፃው ጀመርኩ። መጫኑ ትንሽ ያደክማል፤ በርካታ የፐርል ሞጁሎች ይፈልጋል፣ አንዱ ሲጎድል ቆሞ የጎደለውን ስም ይነግራችኋል፣ ያንን ትጭናላችሁ፣ እንደገና ትሞክራላችሁ። ግማሽ ቀን ወሰደብኝ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ በራሴ አካውንት ነበር፤ ገና በሩ ላይ ተመለሰ። አዲሱ ማሽን የአሮጌውን የምስጠራ ቁልፍ «በጣም ትንሽ ነው» ብሎ አልቀበልም አለ። እውነቱን ነው፤ በድሮው ዶቭኮት የዲፊ ሄልማን ቁልፍ 1024 ቢት ነው፣ ምስጠራውን የሚሠራው የዛሬው ኦፕን ኤስኤስኤል ያንን አያሳልፍም። የመሣሪያው መመሪያ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ምርጫ አለ፤ ለአሮጌው ወገን ብቻ ያንን ዓይነት ቁልፍ ትቶ በሌላ እንዲገናኝ ማዘዝ ይቻላል። አንድ መስመር ጨመርኩና ገባ። ስለ መመሪያው አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል፦ ዢል ላሚራል የጻፋቸው የጥያቄና መልስ ፋይሎች ብዙ ናቸው፣ ሰው የገጠመው ችግር ሁሉ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ሥራውን የሚወድ ሰው ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ክብደት ነበረው። መሣሪያው በእያንዳንዱ ሰው ስም ሁለቱም ሰርቨር ላይ መግባት አለበት። ታዲያ የ126 ሰው ፓስወርድ ከየት ይመጣል? በብዙ መሥሪያ ቤት እንደሚደረገው በወረቀት ላይ «ስም፣ ፓስወርድ፣ ፊርማ» እያሉ መሰብሰብ ይቻላል። እኔ ይህን አላደርግም። የሰው ፓስወርድ የሰውየው ነው፤ ለአይቲ ክፍልም ቢሆን አይሰጥም፣ እንዲሰጥ ማስለመድም ነገ በስልክ ደውሎ «ከአይቲ ክፍል ነኝ» ለሚል ሌባ በር መክፈት ነው። ዶቭኮት ለዚህ መፍትሔ አለው። ማስተር የሚባል አንድ የበላይ ተጠቃሚ ይፈጠራል፤ የተጠቃሚው ስም፣ ቀጥሎ የኮከብ ምልክት፣ ቀጥሎ የማስተሩ ስም ሲጻፍ በማስተሩ ፓስወርድ ወደዚያ ሰው ሣጥን ያስገባል። በሁለቱም ማሽን አንድ አንድ ማስተር ፈጠርኩ፣ ሥራው ባለቀ ዕለት ሁለቱንም አጠፋሁ። የማስተሩን ፓስወርድ በትእዛዙ መስመር ላይ አትጻፉት፤ ማሽኑ ላይ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ለሚያይ ሰው ሁሉ ይታያል። አይማፕሲንክ ፓስወርዱን ከፋይል እንዲያነብብ ማድረግ ይቻላል፤ ፋይሉንም ከእናንተ በቀር ሌላ እንዳያነበው ዝጉት።

መሣሪያው በአንድ ጊዜ አንድ አካውንት ብቻ ነው የሚያሻግረው። ለ126 ሰው ስሞቹን በአንድ ፋይል ደርድሮ በየተራ የሚጠራ አጭር ስክሪፕት መጻፍ የእናንተ ድርሻ ነው። እኔ ሦስት ሦስት ጎን ለጎን እንዲሄዱ አደረግኩ፤ አራተኛ ስጨምር አሮጌው ማሽን ስለከበደው ተውኩት። ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም በድራይ አሳለፍኳቸው። ይህ ምርጫ ምንም ሳይነካ «ይህን ፎልደር እፈጥር ነበር፣ ይህን ደብዳቤ አሻግር ነበር» እያለ ይዘረዝራል። ሎጉን፣ ማለትም የሥራውን መዝገብ፣ ማንበብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ሎጉን ሳነብ ነው የአማርኛዎቹ ፎልደሮች ጉዳይ የመጣው። አሮጌው ዲስክ ላይ የአንዷን ሠራተኛ ፎልደሮች ስዘረዝር ግማሾቹ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ቁጥሮች ሆነው ታዩኝ። መጀመሪያ ተበላሽተዋል ብዬ ደነገጥኩ። አልተበላሹም። አይማፕ የተነደፈው ለእንግሊዝኛ ፊደል በመሆኑ ሌላ ፊደል ሲመጣ ወደ ልዩ ኮድ ቀይሮ ያስቀምጠዋል፤ ኮዱ በእንግሊዝኛው የ«እና» ምልክት ይጀምርና በጭረት ያልቃል። እንደ አጋጣሚ በዩኒኮድ የግዕዝ ፊደላት የተቀመጡበት ቦታ ሆኖ፣ በፊደላችን የሚጀምር ማንኛውም የፎልደር ስም ከምልክቱ ቀጥሎ የላቲኑን ኢ ይይዛል። «ደረሰኞች» ይሁን «ሞጆ»፣ «የተከፈለ» ይሁን «ያልተከፈለ»፣ ሁሉም በዚያው ይከፈታሉ። ይህን ካወቅኩ በኋላ በአንድ ትእዛዝ በአማርኛ የተሰየሙትን ሁሉ ለይቼ አወጣኋቸው። 212 ነበሩ። ከተሻገሩ በኋላ ተንደርበርድ በሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ከፍቼ እያንዳንዱን ስም አየሁ፤ አንድ ፊደል አልተፋለሰም። የሰው ልጅ ሥራውን በገዛ ቋንቋው ለይቶ ያስቀመጠበት ፎልደር ነውና ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ስክሪፕት ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ፤ አንድን የአማርኛ ፎልደር ለይታችሁ ለማሻገር ወይም ለማስቀረት ከፈለጋችሁ የምትሰጡት ስም ኮዱ እንጂ አማርኛው አይደለም።

የመጀመሪያው ትልቅ ዙር ከመጋቢት መጨረሻ ሰኞ ማታ እስከ ሐሙስ ጠዋት ፈጀ። ሰው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ማንም አላወቀም። እዚህ ላይ ነው መሣሪያው የሚወደደው። ካልታዘዘ በቀር ከአሮጌው ወገን ምንም አይሰርዝም። ደግማችሁ ብታስኬዱት ቀድሞ የተሻገረውን አውቆ ይዘልለዋል፣ አዲስ የመጣውን ብቻ ይወስዳል። የሚለየው በደብዳቤው ራስጌ ላይ ባለው መለያ ቁጥርና ደብዳቤው ባለፈባቸው ሰርቨሮች ማኅተም ነው። የደረሰበት ቀን፣ የተነበበ፣ የተመለሰ፣ ኮከብ የተደረገበት፣ ሁሉም ምልክት ተከትሎት ይሄዳል። የፎልደሮቹን መለያያ ምልክት፣ በአንዱ ሰርቨር ያዘመመ ጭረት (/) በሌላው ነጥብ የሆነውን፣ ራሱ ያስተካክላል።

በእያንዳንዱ አካውንት ሎግ መጨረሻ ላይ ስንት እንደተሻገረ፣ ስንት እንደተዘለለ፣ ስንት ስሕተት እንዳጋጠመ ይጽፋል። የ119 ሰው ዜሮ ስሕተት ነበር። የሰባቱ ግን «መለየት ያልቻልኳቸው» የሚል ቁጥር አለው። ትልቁ ቁጥር የጋሼ ነበር፤ 41።

ጋሼ የምንላቸው የሒሳብ ክፍሉን ኃላፊ ነው። ድርጅቱ ከተመሠረተ ጀምሮ አሉ። የ41ዱን ደብዳቤዎች ፎልደር አየሁት፤ ድራፍት ነው። ሰው ድራፍት ሲባል ያልተላከ፣ የተረሳ ነገር ይመስለዋል። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ድራፍት ውስጥ ያሉት ጽሑፎች ይፈልጓቸዋል? ወይስ ይቅሩ?»

«ልጄ፣ እነሱማ ደብተሬ ናቸው» አሉኝ። «የእያንዳንዱን ደንበኛ ሒሳብ እዚያ ነው የምጽፈው። ማንም አይነካብኝም ብዬ።»

ለካ ጋሼ ለየደንበኛው አንድ አንድ ደብዳቤ ከፍተው፣ ሳይልኩት፣ የቀብድና የቀሪ ክፍያ ማስታወሻ ያደርጉት ነበር። ድራፍት ገና ጉዞ ስላልጀመረ ያለፈበት ሰርቨር ማኅተም የለውም፤ አንዳንዱ ፕሮግራም የመለያ ቁጥርም አይሰጠውም። መሣሪያው ሁለቱንም ሲያጣ ደግሞ እንዳያሻግረውና እንዳያባዛው ፈርቶ ይተወዋል። ለዚህ አድ ሄደር የሚል ምርጫ አለው፤ መለያ ለሌለው ደብዳቤ አዲስ መለያ ሰጥቶ ያሻግረዋል። ለሰባቱ አካውንት ከዚህ ምርጫ ጋር ደግሜ አስኬድኩት፤ 41ዱም ገቡ። በእኔ አስተያየት ይህ ከመጀመሪያው መብራት ያለበት ነገር ነው። ካልሆነም ሎጉ ላይ በትልቁ ሊጻፍ ይገባል። እኔ ሎጉን እስከ መጨረሻ መስመር ባላነብ የጋሼ ደብተር ከአሮጌው ማሽን ጋር አብሮ ይቀር ነበር።

የመጨረሻውን ዙር ለትንሣኤ ሰሞን አስቀመጥኩት። ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለነበር ቢሮው ከዓርብ እስከ እሑድ ዝግ ነው። ከሳምንት በፊት ዲኤንኤሱ (የሰርቨሩን አድራሻ ለዓለም የሚያሳውቀው ማውጫ) ላይ ያለውን የአድራሻ ዕድሜ ወደ 300 ሴኮንድ አሳጠርኩት፤ ሰርቨሩ ሲቀየር ዓለም በአምስት ደቂቃ እንዲያውቅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አሮጌው ማሽን አዲስ ደብዳቤ እንዳይቀበል ዘጋሁት። ለዚያ ሰዓት የሚላክ ደብዳቤ አይጠፋም፤ የላኪው ሰርቨር ይዞት ቆይቶ ደጋግሞ ይሞክራል። ከዚያ መሣሪያውን አስነሣሁ።

የመጨረሻው ዙር ይፈጥናል ብዬ ነበር፤ አልፈጠነም። የሚሻገረው ጥቂት መቶ ደብዳቤ ቢሆንም፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ለማወቅ የሁሉንም ደብዳቤ ራስጌ ከሁለቱም ወገን ማንበብ አለበት። አምስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። የጊዜ ዕቅድ ስታወጡ ይህን አስቡበት። ትልልቅ ፎልደር ያለው አካውንት ላይ ራምም ይበላል።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ቀዳም ሥዑር ነው፤ ዘበኛው ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ የጄኔሬተሩ ክፍል ቁልፍ እሱ ጋ ነው። ዩፒኤሱ ለሃያ ደቂቃ ያህል ነው የሚይዘው። 80 አካውንት አልቆ ሦስቱ መሐል መንገድ ላይ ነበሩ። ሦስቱንም አቆምኳቸው፣ ሁለቱንም ማሽን በሥርዓት አጠፋሁ፣ በስልኬ ብርሃን ተቀመጥኩ። ከቤት እናቴ ደውላ «ለመግደፊያው ትደርሻለሽ?» ትለኛለች። መብራቱ ከ50 ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ያቋረጥኳቸውን ሦስት አካውንቶች ደግሜ ሳስነሣቸው ካቆሙበት ቀጠሉ። በኋላ ፎልደር በፎልደር ቆጠርኳቸው፤ አንድ የተደገመ፣ አንድ የጎደለ አልነበረም። ለ60 ዩሮው ልቤ የተሸነፈው ያን ጊዜ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አድራሻውን ወደ አዲሱ ማሽን አዞርኩ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ገባ፣ እኔም ቤቴ ገብቼ ገደፍኩ።

ስለ አንድ ምርጫ ግን አጥብቄ ላስጠንቅቅ። ዲሊት ሁለት የሚባል አለ፤ በአሮጌው ወገን የሌለ ነገር በአዲሱ ከተገኘ ይሰርዘዋል። ገና ሰው ወደ አዲሱ ሳይዞር፣ ሁለቱን አንድ ዓይነት ለማድረግ ጠቃሚ ነው። አድራሻው ከዞረ በኋላ ግን አዲስ ደብዳቤ የሚደርሰው አዲሱ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት በዚህ ምርጫ ብታስኬዱት አሁን የደረሰውን ሁሉ ይሰርዝባችኋል። እኔ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ስክሪፕት ለብቻው ፋይል አድርጌ፣ ያ ቃል ውስጡ እንደሌለ ሦስት ጊዜ አየሁት።

አሁን ሰኞ ጠዋት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሞጆ ቅርንጫፋችን ተደወለልኝ። ደረቅ ወደቡ ላይ ሰነድ የምትከታተለው ልጅ ናት። «እህቴ፣ ኢንቦክሴ በ2010 ደብዳቤ እየተሞላ ነው፤ አይቆምም» አለችኝ። ወዲያው ገባኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። በድርጅቱ አራት ሰዎች በአይማፕ ሳይሆን ደብዳቤውን ወደ ራሳቸው ኮምፒውተር በሚያወርደው በድሮው ፖፕ ነው የሚጠቀሙት፣ «ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ይቆይ» የሚለውን መርጠው። በፖፕ የኢሜይል ፕሮግራማቸው አውትሉክ የወሰደውን የሚያስታውሰው ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ በሰጠው ቁጥር ነው። አይማፕሲንክ ደብዳቤውን ለአዲሱ ሰርቨር ሲያስረክብ አዲሱ የራሱን ቁጥር ይሰጠዋል። ስለዚህ አውትሉክ 11,400 ደብዳቤ ሁሉ አዲስ መስሎት፣ በሞባይል ዳታ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማውረድ ጀመረ።

እንድትዘጋው ነገርኳት፤ ሦስት ሺህ ያህል ወርዶ ነበር። ሌሎቹ ሦስቱ ኮምፒውተራቸውን ገና አልከፈቱም ነበር፤ አንድ በአንድ ደውዬ «እስክነግራችሁ አትክፈቱ» አልኳቸው። ለእነሱ መፍትሔው ሌላ መሣሪያ ነው፤ ከራሱ ከዶቭኮት ጋር የሚመጣው ዲሲንክ። እሱ ከአሮጌው ሰርቨር በአይማፕም በፖፕም ገብቶ የድሮዎቹን ቁጥሮች ጭምር ይዞ የሚመጣበት ፕለጊን አለው። የሦስቱን ሣጥን በእሱ እንደገና አመጣሁት፤ በበዓሉ የደረሱትን ጥቂት ደብዳቤዎች አስቀድሜ ለብቻ አስቀምጬ በኋላ መለስኳቸው። ሲከፍቱ አንድም የተደገመ አልወረደባቸውም። የሞጆዋን ልጅ ትርፍ ደብዳቤዎች ማክሰኞ ሄጄ አጠዳሁላትና ወደ አይማፕ አዞርኳት። ስለዚህ ፖፕ የሚጠቀም ሰው ካላችሁ አስቀድማችሁ ከዶቭኮት ሎግ ለዩ፤ ማን በየትኛው በር እንደገባ እዚያ ተጽፏል። ያንን ባለማድረጌ የሰው ጠዋት አበላሽቻለሁ።

የማይሻገሩትን በአጭሩ ልጥቀስ፦ የአድራሻ ደብተር፣ የቀን መቁጠሪያ፣ ደብዳቤን በራሱ ወደ ፎልደር የሚመድብ ማጣሪያ፣ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፊያ፣ የጋራ አድራሻዎች። እነዚህን በእጅ ነው ያዛወርኩት። የፖስትፊክስን የጋራ አድራሻ ፋይል ከገለበጣችሁ በኋላ ማውጫው እንዲታደስ ማዘዝ አትርሱ፤ ፋይሉ ብቻውን መኖሩ ምንም አያደርግም።

60 ዩሮውን ከፍዬአለሁ። ከዚህ ሆኖ በካርድ መክፈል ስለሚያስቸግር ፍራንክፈርት ያለው የአክስቴ ልጅ ከፈለልኝ፤ ድርጅቱም በብር መለሰልኝ። በነፃ የሚገኘውን ለምን ገዛሽ ያሉኝ አሉ። ከ20 ዓመት በላይ አንድን ነገር እየጠበቀ፣ የሌላውን ሰው ችግር ሁሉ እየመዘገበ ለኖረ ሰው ይህ አይበዛበትም። አሥር አካውንት ብቻ ላለውና ስክሪፕት መጻፍ ለማይሆንለት ሰው ግን ኮማንድ ላይ የሚሠራ መሣሪያ ከባድ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ይጥራ።

አሮጌው ማሽን ከኔትወርኩ ተነቅሎ ጠፍቶ ተቀምጧል፤ ዲስኩን አልነካሁትም። በግንቦት መጀመሪያ ጋሼ ቢሮዬ መጡ። አንድ የመርከብ ወኪል የሦስት ኮንቴይነር ማስያዣ አልመልስም ብሏል፤ ባዶዎቹ ዘግይተው ነው የተመለሱት ይላል። ከጂቡቲ በዚያ ሰሞን የተላከ ደብዳቤ እንዳለ ያስታውሳሉ። የኮንቴይነሩን ቁጥር ነገሩኝ፣ «ጂቡቲ» የሚለው ፎልደራቸው ውስጥ ፈለግኩት። ወጣ። የተመለሰበት ቀን፣ የተረካቢው ስም፣ ከሥሩ የተቃኘው ደረሰኝ አብሮ። የደረሰበት ቀን ጥር 2009 ላይ እንደነበረው ቆሟል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከስክሪኑ ላይ ቀኑን ድምፅ አውጥተው አነበቡት። «ሁለት ኮፒ አውጪልኝ» አሉኝ፤ «አንዱ ለፋይል፣ አንዱ ለጠበቃው።»